ጨው ቀንስ

ከማንዱራ መጣ፣ ዱራን ተሻግሮ፣
ራስ ምታቱን በሻሽ ግንባሩ ላይ አስሮ።
ክንዱን ዘረጋልኝ፤ መለኪያው ተነፋ፣
መርፌው እየዘለለ ከመስመሩ ገፋ።
መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር አለ፤
ደግሜ ለካሁት፤ ቁጥር መች አባበለ።

ቻግኒ፣ ጤና ጣቢያ፣ ሰኞ፣ ሦስት ሰዓት።
አጋሉ ፎጃ፣ አርባ አንድ ዓመት።
ሐኪሙ ቀና ሳይል "ጨው ቀንስ" አለና
ካርዱ ላይ ጻፈው፤ "ቀጣይ!" አለ፣ ገና
ሰውየው ከወንበሩ ሳይነሳ።

አጋሉ ሳቀ።
ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ፤
ለባዳ ሲስቅ ያን ቀን አየሁት።

"የኔ ጨው ከድስቱ አይደለም፣ ሲስተር።
አውቶቡስ ስሳፈር ጎኔ ያለው ወንበር
ባዶውን ይሄዳል። እናት ልጇን አዝላ
ቆማ ትጓዛለች፤ እግሯ ሲዝል አያለሁ፣
'ተቀመጪ' ብላት ይብስ ትርቃለች።
ነጋዴው ሚዛኑን ይለውጥብኛል፣
ብናገር ያቺን ቃል ይወረውርብኛል።
ታውቂያታለሽ ቃሏን፤ እኔ አልደግማትም፣
አንቺ አፍ ውስጥ ነው ያደገችው።

ሌሊት ቀኔን እፈታታለሁ፦
ያ ሰው ገፋኝ ወይስ አደናቀፈው?
የሳቁት በኔ ነው ወይስ በሌላ?
እስኪነጋ ድረስ ችሎት ተቀምጬ
ከሳሹም ዳኛውም ምስክሩም እኔ።
ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤
ሆዴ መቼ ፈጀው? ደም ሥሬን ፈጀው እንጂ።

ልጄ ስምንተኛ ክፍል ናት።
ከደብተሯ መሐል ቅባት አገኘሁ፣ ፊት የሚያቀላ።
ጉንጯ ተልጧል። 'ምን ነካሽ?' ብላት
'ፀሐይ ነው' አለችኝ።
ፀሐይ! የቆላ ልጅ፣ በፀሐይ!"

እኔስ ምን አልኩት?
"አይዞህ" አልኩት። አፌ የሚቀናው እሱ ነው።

ማታ ትዝ አለኝ፣ ዳንግላ፣ እናቴ ቤት፣
አንድ ጣሳ ነበር ከጓዳው በር ጀርባ፣
ብቻውን ምስማር ላይ፣ ጆሮው የተሰበረ።
"የማነው?" ስላት "አትንኪው" ትለኛለች።
ቀርከሃ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ነበር፣
ስሙን ጠይቄ አላውቅም።
እናቴ ደግ ነበረች፤ ሲጠማው ትሰጠው ነበር፣
ሁልጊዜ ትሰጠው ነበር፣
በዚያ ጣሳ።

ተነስቼ የራሴን ክንድ ለካሁ።
መቶ ሃያ በሰማንያ።
ጤነኛ ነሽ ይላል ያየኝ ሐኪም ሁላ፤
እኔ ግን መርፌውን አፍጥጬ አየሁት፦
የኔን ድርሻ ማን ነው የተሸከመልኝ?

በማግስቱ ካርድ ክፍል ገባሁ።
ከአንዳንዱ ስም ጎን የእስክሪብቶ ነጥብ አለች፣
ትንሽ፣ እንደ ቁንጫ።
"አቶ ስንሻው፣ ይቺ ምንድን ናት?"
"ምንም፤ ለመለየት ነው።"
"ከምን?"
ብዕሩን ከደነ።

ከዚያ ወዲያ በተራ ቁጥር ጠራሁ።
ወረፋው አጉረመረመ፤ አንዱ ያቺን ቃል አወጣት።
"ቃሏን ይዘህ ውጣ፣ ስትመለስ ብቻህን ና" አልኩት፤
ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ጀግና አልመሰልኩም።
አሥራ አንድ ዓመት ምሳ አብራኝ የበላች ጓደኛዬ
ሳህኗን አንስታ ሌላ ጠረጴዛ ሄደች።

በወሩ አጋሉ መጣ።
"ጥቁር እንግዳ!" ብዬ ወንበር ሳብኩለት፤
ደስ ያሰኘሁት መስሎኝ።
"እንግዳ?" አለኝ። "አያቴ ዱራን በስሟ ሲጠራት
ያንቺ አያት መንገዱንም አያውቁት።"
አፈርኩ። ክንዱን ዘረጋ።
መቶ ሰባ ሁለት በመቶ ስድስት።
"ክኒኑ ነው" አለ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፤
አላመሰገነኝም። ለምን ያመሰግነኛል?
"በሚቀጥለው ልጄን አመጣታለሁ።
አይዞሽ እንዳትያት። ፊቷንም አታንሺባት።
ሒሳብ ትወዳለች፤ ሒሳብ ጠይቂያት።"

እሱ ሲወጣ ካርዱ እጄ ላይ ቀረ፣
"ጨው ቀንስ" ከሚለው ጽሕፈት ጋር።
ሳድሷን ስ ካዕብ አደረግኳት፤
አንዲት ጭረት ናት፣ ከጎኗ፦
ጨው ቀንሱ።